ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፦ «ሳይለንት ሂል 2» እንደገና ሲሠራ

ጌሙ የሚጀምረው መስታወት ፊት ነው። መንገድ ዳር ባለ ቆሻሻ የሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ ጄምስ ሰንደርላንድ የሚባል ሰው ፊቱን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ራሱን ትክ ብሎ ያያል። ካሜራው ከፊቱ አይነሳም። ጄምስ ወደዚህ ከተማ የመጣው ደብዳቤ ደርሶት ነው። የላከችው ሚስቱ ሜሪ ናት፤ «ሳይለንት ሂል ውስጥ፣ በእኛ ቦታ እየጠበቅሁህ ነው» ትለዋለች። ሜሪ ግን ከሞተች ሦስት ዓመት እንደሆናት የሚነግረን ራሱ ጄምስ ነው። የሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይጽፍ ያውቃል፣ በአፉም ይናገረዋል፤ ያም ሆኖ መኪናውን አቁሞ ወደ ጭጋጉ ይወርዳል።

የመጀመሪያው «ሳይለንት ሂል 2» በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ የኮናሚ ሥራ ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው የፖላንዱ ብሉበር ቲም እንደ አዲስ ሠርቶት ጥቅምት 8 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለፒሲ የወጣውን ነው። ወደ ኤክስቦክስ የገባው በ2025 መጨረሻ ላይ ነው። የሥነ ልቦና አስፈሪ ጌሞችን ለሚወድ፣ በተለይ ደግሞ የሚተርከውን ሰው ማመን የማይቻልበትን ዓይነት ለሚፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ድክመት የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ወደ እሱም እንመጣለን።

የማይታመን ተራኪ በመጽሐፍ ሲመጣ አንባቢው ተቀምጦ ይሰማል፤ ቢጠረጥርም ባይጠረጥርም እጁ ንጹሕ ነው። ጌም ውስጥ ግን ኮንትሮለሩ በእጃችሁ ነው። ጄምስ በር ሲከፍት የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጭራቁን በብረት ቱቦ ቀጥቅጦ መሬት ላይ ሲረግጠው ቁልፉን የተጫናችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሰውዬው ራሱን ሲያታልል አብራችሁት ትታለላላችሁ፤ እውነቱ ሲወጣም እንደ ታዛቢ አትቀበሉትም። «ሳይለንት ሂል 2» ይህንን ከሌሎች ጌሞች ሁሉ በላይ ተረድቶታል።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። በፒሲ ለመጫወት ዝቅተኛው መስፈርት 16 ጊጋባይት ራም፣ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታና እንደ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1070 ቲአይ ያለ ግራፊክስ ካርድ ነው። እዚህ ላይ አትሞኙ፤ በዚህ ካርድ ጌሙ ይከፈታል እንጂ ጭጋጉ አምሮ አይታይም። ለምቾት አርቲኤክስ 2080 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጌሙ የተሠራው አንሪል ኢንጂን 5 በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በመሆኑ የታወቀ ሕመም አለበት፤ ከአንዱ የከተማው ክፍል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ምስሉ ለቅጽበት ቆም፣ ዝልል ይላል። ምክንያቱ ቀጣዩ ክፍል የሚጫነው እየተራመዳችሁ ሳለ መሆኑ ነው። ውድ ካርድ ሙሉ በሙሉ አያድነውም፤ የሚቀንሱት ነገሮች ግን አሉ። ጌሙን ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይሆን ፈጣኑ ማከማቻ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑ። የብርሃንን ነጸብራቅ የሚያሰላውን ሬይ ትሬሲንግን አጥፉ። የፍሬም ፍጥነቱን (በሴኮንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) ማሽናችሁ ሳይንገዳገድ በሚችለው ቁጥር ላይ አስሩት፤ ከ45 እስከ 80 ከሚዋዥቅ በ60 የታሰረ፣ 60 ካልቻለም በ30 የታሰረ ይሻላል። ምስሉን ከዝቅተኛ ጥራት አሳድጎ የሚያሳየውን ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር ማብራትም ብዙ ያግዛል።

በፕሌይስቴሽን 5 ሁለት ምርጫ አለ፦ በ30 ፍሬም የጠራ ምስል ወይም በ60 ፍሬም ቀለል ያለ ምስል። 60ውን ውሰዱ። ውጊያው ጠላት ሲሰነዝር በትክክለኛው ቅጽበት ዘወር ማለትን የሚጠይቅ በመሆኑ የ30 ፍሬም ዝግታ በሽንፈት ያስከፍላል። ለብዙ ጊጋባይት ኢንተርኔቱ ለሚከብደው ሰው የፕሌይስቴሽኑ ሥሪት በዲስክም ይሸጣል። ሲወጣ ዋጋው 70 ዶላር ነበር፤ ቅናሽ እስኪወጣ መጠበቅ አያስቆጭም።

ማዳመጫ ግን ግዴታ ነው። የዚህ ጌም ግማሹ ድምፅ ነው። ሙዚቃውን የሠራው የመጀመሪያውንም የሠራው አኪራ ያማኦካ ሲሆን፣ ከዜማው ይልቅ የሚያስጨንቀው ዜማ ያልሆነው ነው፦ ከግድግዳ ጀርባ የሚጎተት ብረት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚሄድ እግር፣ ወለሉ ራሱ የሚያቃስት የሚመስል ጉርምርምታ። ጄምስ የሚይዛት ትንሽ ሬዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ ትንጫጫለች፤ ችግሩ መኖሩን ትነግራችኋለች እንጂ ከወዴት እንደሆነ አትነግራችሁም። አቅጣጫውን የሚለየው የናንተ ጆሮ ነው፤ በቴሌቪዥን ስፒከር ይህ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ በየሰፈሩ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ጎን ለጎን እግር ኳስ እየተጮኸ፣ በሰዓት ተከፍሎ የሚጫወቱት ጌም አይደለም። ብቻን፣ ማታ፣ በዝግታ ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋም ብዙ አትደንግጡ፤ እንደ ድሮው በቀይ አራት ማዕዘን ወረቀቶች ላይ ብቻ ሳይሆን በቁልፍ ቦታዎች ላይ ራሱም ሴቭ ያደርጋል። ቀይ ወረቀት ባገኛችሁ ቁጥር ግን እለፉ አትበሉ፣ ሴቭ አድርጉ።

ስለ ከባድነት ደረጃ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ የውጊያውና የእንቆቅልሹ ደረጃ ለየብቻ ነው የሚመረጠው። ጌሙ የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፤ እንቆቅልሾቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ግጥም ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ውድ ሳይድ በሚባለው አፓርትመንት ያለው የሳንቲሞች ሣጥን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወንድ፣ ሴትና እባብ የተቀረጹባቸውን ሳንቲሞች ግጥሙ በሚለው ቅደም ተከተል ማስቀመጥና አንዳንዴም ገልብጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እንቆቅልሹን ከባድ ላይ ካደረጋችሁት ግጥሙም አብሮ ይጠብቃል፤ ፍንጩ በቃላት ጨዋታ ውስጥ ይደበቃል። እንግሊዝኛው በደንብ ለሚገባው ከባዱ ያስደስታል፤ ካልሆነ መካከለኛው ይበቃል። ሳንቲሙን የሚገለብጥ ቁልፍ መኖሩን ግን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ትክክለኛውን ቅደም ተከተል አግኝቶ የሚቆመው ይህንን ሳያውቅ ነው።

ውጊያው። ጄምስ ወታደር አይደለም፤ ስለዚህ ሲተኩስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲመታ ይደክማል። መጀመሪያ ሚስማር የወጣበት ጣውላ፣ ከዚያ የብረት ቱቦ፣ ሽጉጥ፣ ሾትገን፣ በኋላም ጠመንጃ ያገኛል። ጥይት ለማብቃቃት የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ በአንድ ወይም በሁለት ጥይት እግሩን፣ በተለይ ጉልበቱን ምቱት፤ ጭራቁ ይንበረከካል። ወዲያው ሩጡና በቱቦ ጨርሱት። ሲወድቅ ጥላችሁት አትሂዱ፤ ቀጥ ብሎ የተኛው ሁሉ አልሞተም፣ እስኪጸጥ ርገጡት። ጭንቅላት ላይ መተኮስ የሚማርክ ቢሆንም እየተወላገደ በሚመጣ አካል ላይ ግማሹ ጥይት ባክኖ ይቀራል።

በሆስፒታሉ ያሉት ነርሶች የተለዩ ናቸው። አንድ ጊዜ ሰንዝረው አያቆሙም፤ ደጋግመው ይወርዳሉ። የተለመደው ስሕተት የመጀመሪያውን ምት ዘወር ብሎ ወዲያው መልሶ መምታት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊታችሁን ያገኛችኋል። ታገሡ፣ እስኪጨርሱ ዘወር በሉ፣ ከዚያ ምቱ። የመደብር ልብስ ማሳያ አሻንጉሊት የሚመስሉት ማኔኪኖች ደግሞ ጨለማ ጥግ ይዘው ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ። ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ ከበሩ ጀርባና ከቁም ሣጥን ጎን ባትሪያችሁን አብሩ። መንገድ ላይ ደግሞ የቆሙ መኪኖችን መስኮት ስበሩ፤ ጥይትና መድኃኒት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከመኪና ሥር ግን የሚሳብ ነገር ሊኖር ስለሚችል ዝቅ ብላችሁ ሳታዩ አትቅረቡ።

ካርታው ለብቻው ሊወራለት ይገባል። እያንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ ካርታውን ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ፤ ካገኛችሁት በኋላ ጄምስ በቀይ ብዕር በእጁ ይሞላዋል። የተቆለፈው በር ይሰረዛል፣ ያልተፈታው እንቆቅልሽ የጥያቄ ምልክት ያገኛል፣ የተከፈተው መንገድ በቀስት ይታያል። አፉ የሚለውን ማመን ባንችልም እጁ የጻፈው ሁልጊዜ ልክ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም።

ከዚህ በታች ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ጌሙን ገና ልትጫወቱት ከሆነ እስከዚህ ያለው ይበቃችኋል፤ ስትጨርሱ ተመለሱ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፦ ለአዋቂ ብቻ ነው፤ በልጅነት የደረሰ ጥቃት፣ የታመመ የቤተሰብ ሰው ሞትና ራስን ማጥፋት በቀጥታ ይነሳሉ። በእነዚህ ነገሮች የቆሰለ ሰው ከሆናችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ አትጫወቱት።

ሜሪ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት አልነበረም። ሕመሟም አልነበረም የገደላት። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ቆይታ ነበር፤ ጄምስ ትራሱን ፊቷ ላይ ያኖረው በቅርቡ ነው።

በአማርኛ አስታማሚ የሚል ቃል አለን። የታመመውን ሰው የሚያነሣ የሚጥል፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ፣ ሌሊት ሲያቃስት የሚነቃ። አስታማሚ ሲደክመው አይናገርም፤ «እግዚአብሔር ይማርልህ» የሚለው ጠያቂ ወጥቶ ሲሄድ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። ጄምስ አስታማሚ ነበር። ጠልቷት ነበር፣ ይወዳትም ነበር፣ እንድትድንም እንዲያልቅም ይመኝ ነበር፤ እሷም በሕመሟ ብስጭት አንዴ ውጣልኝ፣ አንዴ አትተወኝ ትለው ነበር። በመጨረሻው ረጅም መተላለፊያ ላይ ይህ ንግግር በድምፅ ብቻ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ያስታመመ ሰው ያንን መተላለፊያ በቀላሉ አይሻገረውም። ጌሙ ለጄምስ አይፈርድለትም፤ ግን ውሸቱ ከምን እንደተሠራ ያሳያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆዱ ሁሉን ያውቃል፤ ያላወቀው አፉ ነው።

የሚያስደንቀው ፍንጩ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጃችን መኖሩ ነው። ላውራ የምትባል ትንሽ ልጅ በጭራቅ በተሞላ ከተማ ውስጥ ብቻዋን እየዘለለች ትሄዳለች። መጀመሪያ ሲታይ የጌም ግድፈት ይመስላል። አይደለም፤ ለእሷ ጭራቅ የለም፣ ምክንያቱም የምትሸሸው ነገር የላትም። ሜሪን ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እንደተዋወቀቻት ትናገራለች። ባለፈው ዓመት! ጄምስ ከሦስት ዓመት በፊት ሞታለች ብሎን ነበር። በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ሜሪ ለላውራ ለ8ኛ ዓመት ልደቷ የጻፈችው ደብዳቤ ይነበባል፤ ጄምስ ዕድሜዋን ሲጠይቃት ባለፈው ሳምንት 8 ዓመት እንደሞላት ትመልስለታለች። ሒሳቡን የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ጄምስ ብቻ ነው የማይሠራው፤ እኛም አብረነው።

ወይም ማሪያን ውሰዱ። ሜሪን ቁርጥ የምትመስል፣ አለባበሷና አነጋገሯ ግን ሌላ የሆነች ሴት ናት። ትሞታለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞታለች። አንድ ጊዜ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጣ ሜሪ ብቻ የምታውቀውን፣ ሆቴሉ ውስጥ የተረሳውን የቪዲዮ ካሴት ጉዳይ ታነሣለታለች። ያንን ትዕይንት ስትጫወቱ ኮንትሮለሩን አስቀምጡና ፊቷን ብቻ እዩ። በአዲሱ ሥራ ሁለቱንም የተጫወተችው ሳሎሜ ጉናርስዶቲር ከአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው ስትሻገር ድምፁዋ ይለወጣል፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ተለውጧል። የ2001ዱ ጌም ይህንን ማሳየት አይችልም ነበር።

ሉክ ሮበርትስ ደግሞ ጄምስን ሲጫወት ብዙ አይናገርም። መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ይዘገያል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ይሄዳል። መጀመሪያ ሐዘን ይመስላል። ሲደገም ሰው የተለማመደውን ነገር ከማለቱ በፊት የሚያደርገው እንደሆነ ይገባል። በአሮጌው ጌም የተዋናዮቹ አነጋገር ደረቅና የተሰባበረ ነበር፤ እንደ ሕልም ውስጥ ሰው ያወሩ ነበር፣ ያም ለማይታመን ተራኪ በጣም ይስማማ ነበር። አዲሱ ያንን ሕልማዊነት አጥቷል፤ በምትኩ ያገኘው የሚታይ ፊት ነው። የጠፋው ነገር እውነተኛ ኪሳራ ቢሆንም የተገኘው ይበልጣል ብለን እናምናለን።

አንዲት ደግሞ አለች፣ አንጀላ። የምትቃጠል ደረጃ ላይ ቆማለች፤ ጄምስ ሙቀቱን ሲናገር አንተም ታየዋለህ እንዴ፣ ለእኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ትለዋለች። ከዚያ ወደ እሳቱ ትወጣለች። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም አንድ ከተማ ውስጥ ያለን መስሎን ነበር። በዚህች አንዲት መልስ ግን እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ከተማ እንደሚያይ፣ እኛም ለ15 ሰዓት የጄምስን ብቻ ስናይ እንደነበር ይገለጣል።

ደብዳቤውም አለ። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ከዕቃ መያዣው አውጥታችሁ ባነበባችሁት ቁጥር የሜሪ የእጅ ጽሑፍ አለ። ሆቴሉ ክፍል 312 ገብታችሁ ካሴቱን ካያችሁ በኋላ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው፤ ቆይቶም ከመያዣው ይጠፋል። ማስታወቂያ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ከፍቶ ያላየ ሰው ጨርሶ አያውቀውም። በቪዲዮ ጌም ውስጥ ዕቃ መያዣ የተጫዋቹ የታመነ ቦታ ነው፤ ሁሉ ቢያታልል እሱ አያታልልም። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በኪሳችን የያዝነው ዕቃ ኖሮ አያውቅም።

ፒራሚድ ራስ የሚባሉት፣ ራሳቸው ላይ ፒራሚድ የመሰለ ብረት ያለባቸው ሁለት ጭራቆች መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ያንን በትልቅ ቢላ የሚሄደውን ጭራቅ ጥይት አይጨርሰውም፤ ጄምስ ደካማ ስለነበርኩ የሚቀጣኝ ሰው ፈለግሁ ብሎ ሲያምን ሥራው ያልቃል። እዚያ ውጊያ ላይ ጥይት ማባከን የለባችሁም፤ መቆየትና መሸሽ ዋናው ነው።

ፍጻሜዎቹ ስምንት ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር ግን ሦስቱ ብቻ ይገኛሉ። ጌሙ ምን ትመርጣላችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያያችኋል። ስትቆስሉ ቶሎ የምትታከሙ፣ የሜሪን ፎቶና ደብዳቤ እያወጣችሁ የምታዩ ከሆነ ጄምስ መኖር ይፈልጋል ብሎ ይወስዳል፤ ከከተማው ወደሚወጣበት ፍጻሜ ያዘነብላል። ቁስላችሁን ተሸክማችሁ የምትዞሩ፣ የአንጀላን ቢላ ደጋግማችሁ የምታዩ፣ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ያለውን ማስታወሻ የምታነቡ ከሆነ ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ጄምስ ራሱን ወደሚያጠፋበት ፍጻሜ ይወስዳችኋል። ከማሪያ አጠገብ የማትለዩ፣ በሆስፒታል ክፍል አስተኝታችኋት ተመልሳችሁ የምታይዋት ከሆነ የማሪያን ፍጻሜ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ባላሰበው ፍጻሜ ሲደርስ ጌሙ ተሳስቷል ይላል፤ የተለመደው ምክንያት መድኃኒት ለመቆጠብ ብሎ በትንሽ ጤና ለሰዓታት መሄዱ ነው። ቆጣቢ ተጫዋች ሳያውቀው ጄምስን ለሞት ያዘጋጀዋል። የምትፈልጉትን ፍጻሜ የምታስቡ ከሆነ የሲሪንጅ ስስት ይቅርባችሁ። የመጨረሻውን መተላለፊያም ሮጣችሁ አትለፉት፤ ንግግሩን እስከ መጨረሻው መስማትም ይቆጠራል።

አሁን የማይጥመው። የመጀመሪያው ጌም በ8 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ይህ ከ15 እስከ 18 ሰዓት ይወስዳል። የተጨመረው ሁሉ መጥፎ አይደለም። የቶሉካ እስር ቤት መብራቱ በሰዓት የሚጠፋ መሆኑ፣ ማኔኪኖቹም ግድግዳና ኮርኒስ ላይ መሳብ መጀመራቸው ጥሩ ፈጠራ ነው። ችግሩ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ነው። ጨለማ ጥግ የሚጠብቅ ማኔኪን መጀመሪያ ልብ ያስቆማል፤ ዐሥረኛው ግን ሥራ ነው፤ ሃያኛው ላይ ተጫዋቹ ባትሪውን እንደ ጥበቃ ሠራተኛ እያዞረ ይገባል፣ ፍርሃቱም ያልቃል። ከእስር ቤቱ በኋላ የሚመጣው የመተላለፊያዎች ግራ መጋባት ደግሞ ታሪኩ በጣም መጥበቅ በሚገባው ሰዓት ላይ ይጎተታል። ማሪያ በፍርግርግ ጀርባ ከተናገረችው በኋላ ልባችን ሆቴሉ ጋ ነው፤ እግራችን ግን ገና ቱቦ እያወዛወዘ ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቀነስ ኖሮ ምሉዕ ሥራ ይሆን ነበር።

መውጫና መወጣጫ ቦታዎች ላይ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅም ያስከፋል። ሰው ያልኖረበት የሚመስል ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ቀድሞ ዞሮ ጨርቅ ያሰረ ያህል ይሰማል።

በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። «ሄልብሌድ» በ2017 የወጣ የኒንጃ ቲዎሪ ሥራ ነው፤ ሴኑዋ የምትባለው ተዋጊ ጆሮዋ ውስጥ ድምፆች ይሰማሉ፣ ድምፆቹም በተለየ ማይክሮፎን ተቀድተው በማዳመጫ ሲሰሙ ከጀርባችሁ የሚያንሾካሹኩ ይመስላሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፖል ፍሌቸርና እንዲህ ድምፅ የሚያሰማውን የአእምሮ ሕመም ያለፉ ሰዎች ጌሙን አማክረውታል። ይህ ጌምም ተጫዋቹን በቀጥታ ይዋሻል፦ በተሸነፋችሁ ቁጥር እጇ ላይ ያለው ጥቁረት እንደሚያድግ፣ ራሷ ላይ ከደረሰ ሴቩ ሁሉ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል። ሴቩ ግን አይጠፋም። ከዚያ ቀደም በ2002 የወጣው «ኢተርናል ዳርክነስ» የቴሌቪዥኑ ድምፅ ራሱ እየቀነሰ እንደሆነ፣ ሴቩም እየተሰረዘ እንደሆነ አስመስሎ ያሳይ ነበር። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ውሸታቸው ግን ከጌሙ ወደ ተጫዋቹ የሚመጣ ነው። «ሳይለንት ሂል 2» ውስጥ የሚዋሸው ጄምስ ነው፤ የሚዋሸውም ለራሱ ነው፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያመው።

አሮጌውን ለማየት የሚፈልግ ሰው በ2012 የወጣውን ኤችዲ ኮሌክሽን አይግዛ። ጭጋጉ ተበላሽቷል፤ የሌሎች ተዋንያን ድምፅም ገብቶበታል፣ የድሮውን መምረጥ ቢቻልም። የፕሌይስቴሽን 2ቱን ራሱን ያግኝ።

ሁለተኛ ዙር ለምትጫወቱ፦ በመጀመሪያው ዙር የማይገኝ ሞተር መጋዝ አለ፣ ውጊያውን ያቀለዋል። ጊዜያችሁን ግን በ26ቱ ፎቶዎች ላይ አውሉት። በየሕንፃው ተጥለው የሚገኙ ፖላሮይድ ፎቶዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ አጭር ጽሑፍ አለ፣ በምስሉ ውስጥም የሚቆጠር ነገር አለ። የቆጠራችሁት ቁጥር ከጽሑፉ ስንተኛውን ፊደል እንደምትወስዱ ይነግራችኋል። ሁለት ከሆነ ሁለተኛውን፣ ሰባት ከሆነ ሰባተኛውን። 26 ፎቶ፣ 26 ፊደል። ሲሰናዱ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዐሥርት ዓመታት እዚህ ኖረሃል ይላል። ለማን እንደተጻፈ ጌሙ አይናገርም። ጄምስ እነዚያን ፎቶዎች ሁሉ አንስቶ አይቷቸዋል፤ አንዱንም ግን አልቆጠረም።